በአንድ ቢላዋ የታጨደ ድርቆሽ

በዚህ በጋ መግቢያ ላይ የመንደራችን የወጣቶች ማኅበር ኬርቱ የምትባል ልጅ ላከብኝ። ብስክሌቷን ግድግዳዬ ላይ አስደግፋ፣ ጭቃ የነካ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። አስተዳደጓ ጥሩ ነው፤ በእሷ ላይ ቂም የለኝም። ለበዓሉ ቴያትር እያዘጋጁ ነው። ቴያትሩ ስለ ጥንቱ የሰገባ ልማድ ነው። የዚያን ዘመን ቢላዋ እስከ ዛሬ በወገቡ የሚያንጠለጥል በመንደሩ ውስጥ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ለአንድ ቀን እንዳውሳቸው ነው የመጣችው።

ልማዱን ለእኔው ታስረዳኝ ጀመር። ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ ባዶ ሰገባ ቀበቶዋ ላይ አንጠልጥላ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። የወደዳት ጎረምሳ ጠጋ ይልና የራሱን ቢላዋ ይሰካበታል። ካልፈለገችው እስከሚቀጥለው እሑድ ቢላዋው ይመለስለታል። ከፈለገችው ደግሞ እሑድ ቢላዋውን በሰገባዋ ይዛ ብቅ ትላለች፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ይደገሳል።

«እንዴት ደስ የሚል ነገር ነው፣ አባባ ኢሳኪ» አለችኝ። «ያለ አንድ ቃል።»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ያለ አንድ ቃል መሆኑ።

ጎረምሳውን ማን እንደሚጫወተው ጠየቅኋት። የሃርዩላው ልጅ ነው አለች፤ የአንሰልሚ ሃርዩላ የልጅ ልጅ። ቁመናው ለመድረክ የተሠራ ነው አለች።

አላውስም አልኳት። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ማኅበሩ ውስጥም «ሽማግሌው አንድ ዝገት ነፈገን» ሳይባል አልቀረም። ይበሉ። ግን ያ ልማድ እንዲህ ያምር ነበር እያሉ ሕዝብ ሰብስበው ካስጨበጨቡ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። የተማርኩት ተዘዋዋሪው መምህር በመንደራችን ባለፈባቸው የበረዶ ወራት ብቻ ነው፤ ፊደሌ እንደ አሮጌ አጥር ግራና ቀኝ ያዘነብላል። ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ያኔ ሀገሩ በሩሲያ ንጉሥ ሥር ነበር፤ እኔና እናቴ ደግሞ በአንሰልሚ ሃርዩላ ሥር። ጭሰኞች ነን። ጎጆዋ በእሱ መሬት ላይ ናት፤ ድንቹ በእሱ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ለዚያ ስንል በየሳምንቱ የተቆረጠውን ቀን ለእሱ እንሠራለን። ያንን አላማርርም። ውል ነው፤ አባቴ ሳይሞት የተስማማበት ነው። ሃርዩላ ከወንዙ ማዶ ሆነህ የምታየው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ፎቅ ቤት ነው። አንሰልሚን በአፌ ዕድሜዬን ሙሉ «እሳቸው» ስለው ኖሬያለሁ። በብዕር ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ወረቀቱ የራሴ ነው።

ሴት ልጁ ሴራፊና ትባላለች። ስለ መልኳ አልጽፍም፤ ስለ መልክ የሚጽፍ ሞልቷል። ፈረስ ስትነዳ ጅራፍ አታነሳም ነበር፤ በምላሷ ብቻ ቀጭ ቀጭ እያደረገች ነው የምትነዳው። እኔን የያዘኝ እሱ ነው። አንድ ቀን ድንች ስናወጣ ከጎኔ ሆና፣ «ኢሳኪ፣ ያንተ እጅ አይቸኩልም» አለችኝ። ለእሷ ተራ ወሬ ነው። እኔ ግን እሱን ይዤ ክረምቱን ከረምኩበት።

በዚያ ክረምት ቢላዋውን ሠራሁት። ለአንጥረኛው ቀን ቀን ወናፉን ስነፋለት እውልና ሥራው ሲያበቃ ምድጃውን ይለቅልኝ ነበር። ስለቱን ከአሮጌ ሞረድ ቀጠቀጥኩት። እጀታውን በርች የሚባለውን ነጭ ዛፍ ቅርፊት እየደራረብኩ፣ እየጠቀጠቅኩ ሠራሁት፤ ቅርፊት በብርድ ጊዜ እጅ ላይ አይቀዘቅዝም፣ የዓሣ ደም ቢነካውም አያንሸራትትም። ሰገባውን ደግሞ ቆዳው እርጥብ ሳለ እላዩ ላይ ሰፋሁትና እዚያው ደረቀ። እንዲህ የተሰፋ ሰገባ ቢላዋውን እንደ ድድ ነው የሚይዘው። ዘቅዝቀህ ብታራግፈው አይወድቅም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር ከእጄ አልወጣም፤ ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን ምን እንደተወሰደብኝ እንዲታወቅ ነው።

በበጋው አጋማሽ በዓል፣ ከጸሎት በኋላ፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ሲንጋጋ፣ ሴራፊና ባዶ ሰገባ ቀበቶዋ ላይ አድርጋ ከአክስቷ ጎን ቆማለች። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ጎረምሶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይተፋሉ፤ ሃርዩላን የሚያህል ቤት ደፍሮ የሚጠጋ የለም። ሄድኩና ሰካሁት። እሷ ቁልቁል አየችው፤ ጆሮዋ ቀላ፤ ምንም አላለችም። ምንም ማለትም አይገባትም፤ ደንቡ ነው። ከኋላዬ «ጭሰኛው ሃርዩላን ሊጠቀልል ነው» ብሎ የሳቀ አለ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አልጽፈውም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ።

የራሴን ሰገባ ባዶውን ታጥቄ ወደ ቤት ሄድኩ። በእኛ ዘንድ ቢላዋ የሌለው ወንድ ሱሪ እንደሌለው ነው፤ ያን ሳምንት ግን ባዶ ሰገባ የክብር ነው። ከዚያ ካለፈ ነው መከራው።

ሳምንቱን ሙሉ ውሻ በጮኸ ቁጥር እናቴ ወደ መስኮቱ ትሮጣለች። የመጣ የለም። ቢላዋው አልተመለሰም። ቅዳሜ በእንፋሎት ቤቱ፣ በሳውናው፣ ታጥበን ስንወጣ እናቴ ንጹሕ ሸሚዜን አውጥታ ወንበር ላይ ዘረጋችልኝ፤ አፏን አውጥታ ባትናገርም ደስ ብሏታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሴራፊና መጣች። ቀበቶ የሚባል ነገር ወገቧ ላይ የለም። ቢላዋም የለም፣ ሰገባም የለም። ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ወደ እኛ ዞር ሳትል ጸሎቱ አለቀ።

እንግዲህ ይህ ምን ማለት ነው? ቢላዋው አልተመለሰም፣ ስለዚህ እንቢ አይደለም። በሰገባዋ አልታየም፣ ስለዚህ እሺ አይደለም። ሄጄ ቢላዋዬን ስጡኝ ብል፣ ጥያቄዬን በገዛ አፌ ተውኩ ማለት ነው። ሌላ ቢላዋ ሠርቼ ብታጠቅ፣ ተስፋ ቆርጧል ይባላል፤ ያም መተው ነው። ልጅቷን ቀርቤ እንዳልጠይቃት፣ መልስ ሳይሰጠው ልጅቷን ያናገረ ጎረምሳ ቤተሰቡን እንደናቀ ይቆጠራል፤ ከጭሰኛ ሲሆን ደግሞ አያድርስ። አባቶቻችን ይህን ደንብ ሲያወጡ ሰው ሁሉ እንደነሱ የሚያፍር መስሏቸው ነበር። የማያፍር ሰው ቢመጣ ምን እንደሚደረግ አላሰቡም።

ሽማግሌ እንዲሆነኝ ያሰብኩት ጫማ ሰፊውን ቪህቶሪን ነበር፤ ምላሱ ከመርፌው የፈጠነ ሰው ነው። እሱም ቆይ አለኝ። ሀብታም ሰው ፈረስ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ ኮቴውን አንስቶ፣ ቤቱ ሄዶ ተኝቶ፣ ተመልሶ ደግሞ ጥርሱን ያያል፤ አንተንም እያየህ ነው አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ማመን ደስ ይል ነበርና።

ድርቆሽ ሲደርስ አንሰልሚ ራሱ ወደ ጎጆአችን መጣ። ያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ የሚፈልገንን በሠራተኛ ነበር የሚያስጠራን። እናቴ መቀመጫውን በቀሚሷ ጠረገችለት። አልተቀመጠም። የሩቁ መስክ ደርሷል፣ ሰው አንሶኛል፣ የሥራ ቀናችሁን ጨርሳችኋልና ላስገድድህ አልችልም አለ። ይህን ሲል ካፖርቱን ገለጥ አደረገ። ቢላዋዬ ቀበቶው ላይ፣ በእሱ ሰገባ ውስጥ ነው። የበርቹን እጀታ በአውራ ጣቱ እያሻሸ ቆየ።

«አደራ ተሰጥቶኝ ነው» አለ። «ቤታችን ሰው ሲመዝን አይቸኩልም። ሰነፍ ግን ልጄን አያገኝም።»

እነዚህ ቃላት ናቸው። አንድም አልጨመርኩም። እሺ አላለም፣ እንቢ አላለም፣ አልዋሸም ማለት ይቻላል። በነጋታው ማለዳ የሩቁ መስክ ላይ ነበርኩ።

የእኛን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓይን እስኪደክም ጠፍጣፋ ነው፤ የድርቆሽ ጎተራዎቹ በላዩ ላይ እንደ ተበተነ የእንጨት ሳጥን ይታያሉ። ፀሐይዋ አትጠልቅም፣ ትንኙ አይተኛም። ከቅጥር ሠራተኞቹ ፊት ፊት አጨድኩ። ረጅሙን ማጭድ ይዤ ስገባ የሚከተለኝ ይደክመዋል። አጨድኩ፣ አገላበጥኩ፣ በእንጨት ላይ ሰቀልኩ፣ ጎተራ ውስጥ ገብቼ በአቧራው እየታፈንኩ ረገጥኩ። ዝናቡ ሲመጣ የሃርዩላ ድርቆሽ ከጣሪያ ሥር ነበር፤ የጎረቤቶቹ ሜዳ ላይ በሰበሰ። የእናቴ አንዲት ላም ድርቆሽ ደግሞ ሳይታጨድ ቀረ፤ ከጉድጓድ ዳርና ከመንገድ ዳር እየለቀምን ነው ያከረምናት።

ድርቆሹ ሲያልቅ እህሉ ደረሰ። እህሉ ሲያልቅ የውኃ ቦይ ይቆፈር ተባለ። ከዚያ የጎተራው ጣሪያ። በእያንዳንዱ ሥራ መጀመሪያ ላይ አንሰልሚ ብቅ ይልና ካፖርቱን ገለጥ ያደርጋል። ንግግር አያበዛም። ቢላዋው ይናገርለታል።

ያ ቢላዋ ምን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምስማር ነቀለበት። የሬንጅ በርሜል ክዳን ፈነቀለበት። ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ከቦቲው ላይ ጭቃ ፋቀበት፣ እኔ ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ እያየሁ። ሲደንዝበት ማጭድ በሚሞርድበት ትልቁ መሽከርከሪያ ድንጋይ ላይ አስጠግቶ ያስጮኸዋል። እንዲህ ያለ ስለት በእጅ ድንጋይ፣ በእርጥቡ፣ በእርጋታ ነው የሚሳለው። ብልጭታው እየተረጨ ብረቴ ሲያልቅ አያለሁ። «ጥሩ ብረት ነው፣ ኢሳኪ» ይለኛል ደግሞ። ፈረስ ዱላውን እንዲያመሰግን የሚፈልግ ሰው ነበር።

እኔ ዳቦዬን በእጄ እገነጥላለሁ። ጨው የገባውን ዓሣ የምቆርጥበት ስጣ የእናቴን የማዕድ ቤት ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልዬ መያዝ ጀመርኩ። የሃርዩላ ሠራተኞች ይህን ሲያዩ ሥራ ፈቱ። አንዱ «እናቱ ጡቷን መች ነው የምታስጥለው» ይላል፤ ሌላው «ተወው፣ አማቹ ቢላዋ ያበድረዋል» ይላል። ምሳ የምታመጣው ሴራፊና ነበረች። አሬራውን ታስቀምጥና ዓይኔን ሳታይ ትሄዳለች። እፍረት ነው ብዬ ተረጎምኩት። እፍረትም ነበር፤ ግን እኔ የመሰለኝ ዓይነት አልነበረም።

በመኸሩ ማብቂያ ላይ ቪህቶሪ ከወፍጮ ቤት ተመልሶ መጣ። ቁጭ አለ፣ ተነሣ፣ ፒፓውን አጸዳ። ምን ሆነሃል አልኩት። የሚነገር አይደለም አለ፤ ያም ማለት ሊናገር ነው። በወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ያን ሁሉ ድርቆሽ በዚያ ጥቂት ሠራተኛ ዝናብ ሳይቀድምህ እንዴት አስገባኸው ብለው አንሰልሚን ጠየቁት።

«በአንድ ቢላዋ አሳጨድኩት፣ አለ» አለኝ ቪህቶሪ።

ከዚያስ አልኩት። ከዚያማ ተሳቀ አለኝ። አንተስ አልኩት። ቪህቶሪ ፒፓውን ደግሞ ማጽዳት ጀመረ። ወፍጮው እየጮኸ፣ ሁሉም እየሳቀ፣ እኔ ብቻዬን እንዴት ልቀመጥ አለ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔን ሳይንቁኝ ቢላዋዬን አልነቀነቁም። የእኔው ሽማግሌ ሳይቀር።

ኬክሪ ደረሰ፤ መኸር የሚዘጋበት፣ ሠራተኛ ከቤት ወደ ቤት የሚለዋወጥበት፣ በር የማይዘጋበት በዓል። በዚያ ቀን ወደ ገበታ የመጣ ሰው አይመለስም። እኔም ልበላ አልሄድኩም። ሸሚዜን ቀይሬ፣ ባዶ ሰገባዬን ታጥቄ በጠራራ ቀን ሄድኩ። እናቴ ጎጆዋን አስብ አለችኝ። አሰብኳት፤ ግን ሄድኩ።

የሃርዩላ ትልቁ ክፍል ሙሉ ነው። የበግ ሥጋ፣ ድንች፣ ጥቁር ዳቦ፣ የቤት ጠላ። ሠራተኞቹ በአንድ ወገን፣ ጎረቤቶች በሌላ ወገን፣ አንሰልሚ በራስጌ። የወረዳው ፍርድ ቤት ሽማግሌ እንኳ ነበረበት፤ ጢሙ ላይ ስብ ያብለጨልጫል። በእኛ ቤቶች እንግዳ ሳይጋበዝ የማያልፈው የጣሪያ አግዳሚ አለ። ከእሱ ሥር መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። አልፌ ገበታው ጫፍ ድረስ ሄድኩ።

አንሰልሚ እጁን ዘረጋ፤ ና ኢሳኪ፣ ቁጭ በል፣ በኬክሪ ሆዱ ባዶ የሚሄድ የለም አለ። ድምፁ ማር ነው።

«ቢላዋዬን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ጌቶች» አልኩ።

ማንኪያዎች ቆሙ። አንሰልሚ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ይህን ሲጠብቅ እንደከረመ ፊቱ ያስታውቃል።

«ሰማችሁ?» አለ ለገበታው። «ጥያቄውን ተወ። እኔ እንቢ አላልኩትም። በገዛ አፉ ነው።»

ነገሩ እዚያ ሊያልቅ ነበር። ሰዎቹ መሳቅ ጀምረው ነበር። ሴራፊና ግን የሥጋውን ሳህን ይዛ ከምድጃው በኩል ስትመጣ መሀል ላይ ቆመች።

«የትኛውን ቢላዋ?» አለች።

አባቷ በይ ሳህኑን አምጪ አላት።

«አባባ፣ የትኛውን ቢላዋ? ከበዓሉ በኋላ ባለው ሰኞ መለስኩለት አላሉኝም?»

አንሰልሚ ሥራ በዝቶ ነበር፣ ተዘነጋ፣ ምን ይሆናል፣ ብረት ነው አይበሰብስም እያለ አጉረመረመ። እሷ ሳህኑን ሠራተኞቹ ፊት አስቀመጠችው። የአባቷ ካፖርትና ቀበቶ በሩ አጠገብ ተሰቅለው ነበር፤ ቤት ውስጥ፣ እሷ ፊት፣ ታጥቆት አያውቅም፤ ለዚያ ነው ሳታየው የከረመችው። ሄዳ ከሰገባው መዘዘችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ስለቱን በሽርጧ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው። ገበታውን ዞራ መጥታ፣ ስለቱን በእሷ እጅ ይዛ እጀታውን ወደ እኔ አደረገች።

«ኢሳኪ» አለች። «ያን ሰኞ ላንተ እንዲመልሱልህ ለአባቴ ሰጥቻቸው ነበር። ተቀበለኝ፣ ሳቀም አሉኝ። መልሴ እንቢ ነው፤ ያኔም እንቢ ነበር። እንቢ ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ሰውን ማንጠልጠል ነው። ድርቆሹ ላይ ሳይህ ወደህ የምትሠራ መስሎኝ ነበር።»

ተቀበልኳት። ምን እንደተሰማኝ አይጻፍም። ግን አንድ ነገር ልበል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሰው ቆጥሮ መልስ የሰጠኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ መልሱም እንቢ ነበር።

አንሰልሚ ዝም አላለም። ማን አስገደደው አለ፤ በእግሩ መጣ፣ በእግሩ ሄደ፣ ሾርባዬንም ጠጣ። የፍርድ ቤቱ ሽማግሌ ጢሙን ጠረገና ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ጎረቤቶቹም አቀረቀሩ። ሰው በሰው ልጅ ተስፋ ከብት ማብላቱን ሁሉም ሰምተዋል፤ አንድ ሰው እንኳ «ይህስ አይደረግም» አላለም። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ከአንሰልሚ ይልቅ ያ ማቀርቀር ነው። የሥጋው ሽታ እንኳ አይረሳኝም።

ቢላዋውን ወደ ሰገባዬ መለስኩት። ድሮ ሲገባ ድምፅ ነበረው፤ ጥብቅ ያለ፣ በር እንደሚዘጋ። አሁን ምንም ድምፅ ሳይሰጥ ገባ። ዞር ስል ዳሌዬን ገበታው ነካውና ቢላዋው ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። በመሽከርከሪያው ድንጋይ አልቆ፣ ግማሽ ስፋቱ ብቻ ነበር የቀረው። ሠራተኞቹ ፈነዱ። ሴራፊና አልሳቀችም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፣ በእጄ እንደያዝኩት ቀጥ አልኩ።

«ቢላዋዬ ከስቷል፣ ጌቶች» አልኩት፤ «ከብቶችዎ ግን ወፍረው ይከርማሉ።»

በሕይወቴ በሰዓቱ የተናገርኩት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በማግሥቱ ነው የሚመጣልኝ።

በጸደይ ጎጆዋን ልቀቁ ተባልን። ምክንያቱ የመሬት ድልድል ነው ተባለ። እናቴን ይዤ ወደ ሌላ አጥቢያ ሄድኩ፤ በወንዝ ግንድ በማውረድ ኖርኩ፤ እናቴ በሰው ቤት ጥግ ሞተች። ሴራፊና ዘግይታ በባሕሩ ጠረፍ ወዳለ ቤት አገባች፤ ደግ ባል ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ይሁንላት። እኔ ሸምግዬ ወደ መንደሩ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ አርጅቶ ነበር። ኢሳኪ የሃርዩላን ልጅ ለምኖ፣ ተከልክሎ፣ ገበታ ፊት ቢላዋ መዞ አበደ ነው የሚባለው። ቢላዋ መዞ! ወድቆብኝ አነሳሁት እንጂ ማን መዘዘ። ድርቆሹን የሚያነሳ የለም። አንሰልሚ ሲቀበር ደግሞ ቄሱ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው «ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር» አሉ። እውነት ነው። ቃል ሰጥቶ አያውቅማ።

ኬርቱ ልትወጣ ስትል ቢያንስ ልየው አለችኝ። ማሰሪያውን ፈታሁላት፤ ቢላዋውን በሰገባው ላይ በጠፍር አስሬ ነው የምይዘው። ሰገባው ውስጥ ከትታ፣ ልጅ ናትና፣ ዘቅዝቃ ሞከረችው። ወለሉ ላይ ተንቀጨቀጨ። ደነገጠች። ሰገባው ሰፍቶ ነው፣ አዲስ ቢሠሩለት ምን አለበት አለችኝ። ሰገባው እንደተሰፋ ነው አልኳት፤ የተለወጠው እሱ አይደለም። አልገባትም፤ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

በበዓሉ ቀን ቴያትሩን ሄጄ አየሁት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከሱቅ በተገዛ፣ በሚያብለጨልጭ ቢላዋ ነበር የሠሩት። የሃርዩላው ልጅ ደረቱን ነፍቶ መጣ፤ አያቱን ቁርጥ። ሰካው። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ አዳራሹ አጨበጨበ። መጋረጃው ወረደ። መጋረጃው ወጣ። ሌላ እሑድ ነው ተባለ፤ ልጅቷ ቢላዋውን በሰገባዋ ይዛ እየተሽከረከረች ወጣች፤ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። መጋረጃው በወረደበት ጊዜ ድርቆሹን ማን እንዳጨደው የጠየቀ የለም። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ምነው አያጨበጭቡም አለችኝ። እጆቼ ወገቤ ላይ ነበሩ፤ ጠፍሩን እያጠበቅሁ።